አንገተ ሰፊው ቀሚስ

ኦክቶበር 3 ቀን 1971

ለልጄ ሚስት ለዙራካን፣

ለጤናሽ እንደምን ከረምሽ? እኛ ጉንፋኑን ከነሳሉ ጨርሰን ደኅና ነን። በጎቹ ከላይኛው ግጦሽ ወርደዋል፤ ድርቆሹም ተከምሯል። ቀይዋ ላም ብቻ ወተቷን ከልክላን ትንጎማለላለች። ሻርሼን የጻፈው ደርሶኛል። ልጄ ደብዳቤ ሲጽፍ ዋናውን ወሬ መጨረሻው መስመር ላይ ነው የሚሸሽገው። ስለ ግድቡ ሥራና ስለ ሲሚንቶው ሁለት ገጽ ሞልቶ ሲያበቃ፣ ከታች በኩል «ዙራካን ነፍሰ ጡር ናት» ይለኛል። እንኳን ደስ ያላችሁ። ካንቺ ብሰማው ደግሞ የበለጠ ደስ ይለኝ ነበር።

ኩባት እንዴት ነው ላልሽው ደኅና ነው። የፊት ጥርሱ ወልቆ ዳቦውን በጎን ነው የሚነክሰው። ጫማ መላኩን ግን ተይ። «ጀንጌ ለምን ሁልጊዜ ለኔ ብቻ ትልካለች?» ብሎ ጠየቀኝ። የወንድም ሚስት አንድ ጊዜ ከላከች ይበቃታል ብዬ ዝም አሰኘሁት። ዙራካን፣ የበኩር ልጅ የአያቶቹ ነው ሲባል ሳታንገራግሪ ሰጥተሽኛል፤ ይህን ውለታሽን አልረሳም። ልጁ ግን እናቴ የሚለው እኔን ነው፤ አንቺ ለሱ ጀንጌ፣ የወንድም ሚስት ነሽ። አታደናግሪው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። በረዶው መንገዱን ሳይዘጋው መጥተሽ እዚሁ ውለጂ። የማያውቅሽ ሰው እትብት ቆርጦ ቢሄድ፣ ልጁ በማን ጠባይ ሊወጣ ነው? ለአራስነትሽ የሚታረደውን በግ ለይቼዋለሁ፤ ላቱን ተሸክሞ መራመድ አቅቶታል። የሟቹ ባለቤቴ ታናሽ ወንድም፣ ባለጥቁር ፈረሱ፣ ከነሚስቱ ለክረምቱ እኛ ቤት ገብተዋል። ሚስቱ ባትማ ልጅ የላት፣ ሥራ አይበዛባት፣ ቀኑን ሙሉ ስትሰፋ ትውላለች። አሁን አንገቱ ሰፋ ያለ አረንጓዴ ቀሚስ ጀምራለች። እጇ እኮ ወርቅ ነው።

ቶሎ ጻፊልኝ።

ካሊፓ


ኦክቶበር 24 ቀን 1971

ለተከበሩ እናቴ፣

እጅዎን ስሜ ሰላም እላለሁ። እንደምን ከረሙልኝ? ሳሉ ተመልሶ እንዳይነሳብዎት ደረትዎን በሱፍ ይሸፍኑ። እኛ ደኅና ነን። ሻርሼን የሲሚንቶ አቧራ እየቃመ ይመጣል፤ እኔ ደግሞ ሳጥብለት እውላለሁ።

ራሴ ባለመጻፌ ይቅር ይበሉኝ። ሆድ ሳይገፋ ማውራት ፈርቼ እንጂ እርስዎን ንቄ አይደለም።

እንድመጣ በማሰብዎ አመሰግናለሁ። ነገር ግን የዚህ ሐኪም በመኪና እንዳልጓዝ ከልክላኛለች። ኩባትን ስወልድ ብዙ ደም ፈሶኝ እንደነበር ስነግራት እንደ ሕፃን ተቆጣችኝ። ደግሞም ገና ነው። የምወልደው በማርች መጨረሻ ነው ብላኛለች። እስከዚያ መንገዱ የት ይገኛል? ስለዚህ በጉን አይጠብቁት፤ ላቱም ሳያደክመው ይብሉት።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ባትማ የምትሰፋውን ቀሚስ አሰብኩት። እርስዎ ዘንድ ኖቬምበር ከገባ ሰው አፍንጫውን እንኳ አያወጣም። በዚህ ብርድ አንገተ ሰፊ ቀሚስ ለማን ነው? እንዲሁ ገርሞኝ ነው።

ጫማ አልክም፤ ልጁ ግራ እንዲገባው አልፈልግም። የእግሩን ልክ ብቻ ይጻፉልኝ። አልገዛበትም፤ ማወቅ ብቻ ነው የምፈልገው።

ምራትዎ ዙራካን


ኖቬምበር 15 ቀን 1971

ለዙራካን፣

ደኅና ነን። በረዶው ጀምሯል፤ ቢሆንም መንገዱ ገና አልተዘጋም።

ቀሚሱ ለሰርግ ነው። ሰው ለሰርግ ሲለብስ ብርድ አይቆጥርም። አንቺ ግን ከመቼ ጀምሮ ነው ለባትማ ልብስ የምትጨነቂው? እዚህ በነበርሽ ጊዜ አንድ ቀን መርፌ አበድሪኝ ብለሻት አታውቂም።

ማርች ብለሻል። ይሁን፤ እኔም ማርች ብዬ ይዣለሁ። ዳሩ ግን ስድስት ልጆች አርግዣለሁ፤ የምራትም ሆድ ዛሬ አይደለም የማየው። በጁን ግጦሽ ልትጠይቁን በመጣችሁ ጊዜ የበግ ሥጋ ሲቀቀል አፍሽን በሻሽ ይዘሽ ከድንኳኑ ጀርባ የሮጥሽው ለምን ነበር? የከተማ ኑሮ ጨጓራሽን አበላሽቶት ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ። ሐኪምሽ እንግዲህ ከኔ ታውቃለች።

መኪና አያስኬድም ላልሽው ባለጥቁር ፈረሱ የኅብረት ሥራውን የጭነት መኪና ለምኖ ይመጣል። ከጋቢናው ፍራሽ እናነጥፍልሻለን፤ ቀስ ብሎ ይነዳል። ባትማም አብራ መጥታ እንድትደግፍሽ ተስማምታለች። በበጋ ከሻርሼን ጋር ስለዚህ ጉዳይ ተነጋግረናል። ምን እንደተነጋገርን እሱን ጠይቂው።

የኩባት እግር እያደገ ነው፤ ልኩ ምን ያደርግልሻል?

ካሊፓ


ዲሴምበር 9 ቀን 1971

ለተከበሩ እናቴ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ቤቱም፣ ከብቱም፣ ኩባትም ደኅና እንዲሆኑ እመኛለሁ።

እንዳዘዙኝ ሻርሼንን ጠየቅሁት። ከእናትህ ጋር በበጋ ምን ተነጋገራችሁ አልኩት። እንጨት ልፍለጥ ብሎ ወጣ። የተፈለጠ እንጨት እስከ ጣሪያ ተደርድሮ እያለ፣ በጨለማ ሌላ ሲፈልጥ አመሸ። ተመልሶ ሲገባም አላየኝም። እናቴ፣ እኔ ባሌን ስምንት ዓመት ሙሉ አውቀዋለሁ። የዋሸ ጊዜ ያፏጫል፤ ያፈረ ጊዜ ይፈልጣል።

ሰርጉስ የማን ነው? እዚያ መንደር ለአቅመ ሰርግ የደረሰ ያለው ባዝራ ጠባቂው ሽማግሌ ብቻ ነው፤ እሱንም ማን ታገባዋለች?

ካስቆጣሁዎት ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ግን ካሁኑ ካልተናገርኩ መቼም አልናገርም። ኩባት የተወለደ ቀን እኔ ገና ልጅ ነበርኩ። ደሜ ሳይቆም፣ ዓይኔ ሳይገለጥ፣ ሲያለቅስ ሰማሁት። ቀና ስል እርስዎ ቆመው አየሁ። ሕፃኑን በቀሚስዎ አንገት አስገብተው፣ በሆድዎ አሳልፈው፣ በጫፉ በኩል አወጡትና «ይኸው ወለድኩት» አሉ። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔም ወጉ ነውና ፈገግ ማለት ነበረብኝ፤ አልኩም። ፊቱን ያየሁት በሦስተኛው ቀን ነው፤ እሱንም እርስዎ ታቅፈውት።

ያን ቀን የለበሱት ቀሚስ አንገቱ ሰፊ ነበር። ሴት ሕፃን የምታሳልፍበት ቀሚስ እንዲያ ነው የሚሰፋው።

የበኩሩ የአያቶቹ ነው፤ እሺ። ሁለተኛው የማን ነው? መኪናውን አይላኩ። ጥያቄዬ አንድ ብቻ ነው፤ የባትማን ቀሚስ ማን ሊያልፍበት ነው?

ምራትዎ ዙራካን


ጃኑዋሪ 30 ቀን 1972

ለዙራካን፣

የምጽፈው ቁጣዬ በርዶ አይደለም፤ ሳይበርድ ነው።

መኪናው ባዶውን ተመለሰ። ባለጥቁር ፈረሱ በዚያ በረዶ ጎማውን በሰንሰለት አስሮ፣ መንገድ ላይ አድሮ፣ ደጃችሁ ድረስ ሄዷል። የገዛ ልጄ ሻርሼን በሩ ላይ ቆሞ፣ «ዙራካን ፍሩንዜ ከተማ አክስቷ ጋ ሄዳለች» አለው። አክስት የለሽም። ያንቺን ዘር እስከ ሰባት ትውልድ ጠይቄ ነው ያመጣሁሽ፤ አክስት የለሽም! ልጄ በታላቁ ፊት ውሸቱን ሲናገር ለሻይ እንኳ ግቡ አላላቸውም። በር ላይ እንደ ቆሙ ተመለሱ።

ባትማ ቤት ስትገባ ካፖርቷን ሳታወልቅ ምድጃው ጥግ ተቀመጠች። ላውልቅልሽ ስላት እጄን ያዘችኝ።

የት ነው ያለሽው? ወልደሻል? ማን ቆረጠው? ወንድ ነው ሴት? ደምሽስ ቆመ? ስሚ፣ ደምሽ ካልቆመ የበግ ላት አቅልጠሽ በትኩሱ ጠጪ፤ አክስትሽ ጋም ብትሆኚ።

ካሊፓ


ማርች 12 ቀን 1972

ለተከበሩ እናቴ፣

ደሜ ቆሟል። ከሁሉ አስቀድሞ ይህን የምጽፈው፣ ከጠየቁኝ ሁሉ እሱን ሳነብ ስላለቀስኩ ነው።

ሴት ናት። አርባዋን እስክትወጣ ጠበቅሁ። አርባ ቀን ሳይሞላው ሕፃን ለእንግዳ ዓይን አይታይም ያሉኝ እርስዎ ነዎት። እርስዎን እንደ እንግዳ መቁጠሬ ግፍ መሆኑን አውቃለሁ፤ ይቅርታም እጠይቃለሁ። ሆኖም ያው ጊዜ ተመልሶ ቢመጣ ያንኑ ነው የማደርገው።

ማርች ያልኩዎት ውሸት ነበር። ስለ በግ ሥጋው የጻፉት እውነት ነው። መኪናው ደጃችን ሲቆም እኔ ማዋለጃው ቤት ተኝቼ ነበር፤ የተገላገልኩት በዋዜማው ነው። ሻርሼን ሊጠይቀኝ መጥቶ መስኮቱ ሥር ቆመ፤ ወንድ ወደ ውስጥ አያስገቡም። «መጥተው ነበር፤ ሸኘኋቸው» አለኝ። ባትማ ካፖርቷ ሲገለጥ አረንጓዴው ቀሚስ ታየኝ አለ። ስለዚህ ሰርጉ የኔ ልጅ ነበረች።

ምጡ ሲጀምረኝ ጎሕ እየቀደደ ነበር። የመጀመሪያውን ስወልድ ሕመሙን ብቻ ነበር የፈራሁት። አሁን ሕመሙን ናቅሁት፤ የፈራሁት ከሱ በኋላ ያለውን ነው። አዋላጇ ትልቅ እጅ ያላት ሴት ናት፤ «ግፊ» ትለኛለች፣ እኔ የበሩን እጀታ አያለሁ። ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ የማን ቀሚስ አንገቱ ሰፊ ነው እያልኩ ነው የወለድኩት። የነርሶቹ ነጭ ጋውን እንኳ አላመንኩትም።

ስታለቅስ ደረቴ ላይ አኖሯት፤ ትኩስ ነበረች፣ ታስነጥስ ነበር። አዲስ ሕፃን እንደሚያስነጥስ አላውቅም ነበር። ወዲያው ነርሷ መጥታ ላንሳት አለች። በዚያ ቤት ደንብ ሕፃናቱ በሌላ ክፍል ነው የሚተኙት፤ ለጡት ብቻ ያመጧቸዋል። ሻሼን ከራሴ ላይ ፈታሁ። አንዱን ጫፍ በእጄ አንጓ፣ ሌላውን በመጠቅለያዋ አሰርኩት። ነርሷ ተቆጣች፣ ንጽሕና አጎደልሽ አለችኝ። እኔ ሩሲያኛው ጠፋብኝ፤ በኛው ቋንቋ «አንዱን ወስደዋል» ብቻ እላለሁ። አዋላጇ፣ «ተዪያት፤ እንቅልፍ ሲጥላት ትፈቺዋለሽ» አለቻት። እንቅልፍ አልጣለኝም። ነግቶ መሽቶ፣ ዳግመኛ ሲነጋ ተዉኝ። በዚያ ማዋለጃ ቤት ከእናቷ ጋር የተኛች ሕፃን የኔዋ ብቻ ናት።

ሻርሼን ወደ ቤት ስንመለስ ተናዘዘልኝ። በበጋ «ሁለተኛውን ለባትማ ብንሰጣትስ» ብለውት ዝም አለ። ዝም ማለቱን እሺታ አድርጋችሁ ያዛችሁት። አሁን ማታ ማታ ሻሹን ለብቻው ያያል እንጂ አይነካውም።

ይህቺን ልጅ አርባ ቀን ሳቅፋት ከኩባት ላይ ያመለጠኝን ሁሉ አየሁ። የጭንቅላቷ ሽታ በጠዋት ሌላ፣ በማታ ሌላ ነው። እነዚህን ነገሮች ከሁለተኛ ልጅ መማር ያሳፍራል። ኩባትን መልሱልኝ አልልም፤ አልችልም። ግን ለሱ ማን ነኝ? ጫማ የምትልክ ሴት?

ስሟን ቱርሱናይ አልናት።

ምራትዎ ዙራካን


ማርች 30 ቀን 1972

ለዙራካን፣

እንኳን በሰላም ተገላገልሽ። አሁን የምልሽ ከልቤ ነው፤ በጃኑዋሪ ቢሆን አይወጣኝም ነበር።

ቱርሱናይ ብለሻታል። «ትቆይ» ማለትሽ ነው፤ ለማን እንደ ተናገርሽ ገብቶኛል። ጥሩ ስም ነው።

አዎ፣ ለባትማ ቃል ገብቼላት ነበር። ጥርጣሬሽ ልክ ነው። ከኔ ጋር አርባ ዓመት የኖረ ሰው እንኳ ባንቺ ልክ አይጠረጥረኝም። ሰርጉን ያወራሁት በጭንቀት ነው፤ ባዝራ ጠባቂው ሽማግሌም ወሬሽ ደርሶት ጢሙን ማበጠር ጀምሯል። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። ያን ቀሚስ በመጀመሪያው ደብዳቤዬ ለምን ጻፍኩልሽ? ማን አስገደደኝ? ስንት ቀን ራሴን ጠየቅሁ። ምናልባት እንድታውቂ ፈልጌ ይሆናል፤ ምናልባትም እርጅና ነው።

አሁን የምጽፈውን ሰምተሽው ይሆናል፤ መንደሩ ሁሉ ያውቃል፣ ማንም አያወራውም። ባለጥቁር ፈረሱ የባለቤቴ ወንድም አይደለም፤ የኔ በኩር ነው። እኔ ወለድኩት፣ አማቴ በቀሚሷ አሳለፈችው፣ የባሌ ታናሽ ወንድም ሆኖ አደገ። እኔን ጀንጌ ነው የሚለኝ፣ እስከ ዛሬ። የባሏን ወንድም ስም ምራት አትጠራም፤ አንቺም እኔም ባለጥቁር ፈረሱ የምንለው ለዚሁ ነው። ስሙ አሳናሊ ነው። በልቤ ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ አማቴ ሳታውቅ ያንኑ መረጠች። ይኸው ጻፍኩት። በአፌ ብዬው አላውቅም።

ልጅ አጥቶ ሲያረጅ ሳይ አንጀቴ አልቻለም። እናት ሆኜ ምንም ሰጥቼው አላውቅምና አንድ ልጅ ልስጠው አልኩ። ካንቺ ሆድ መሆኑን ዘነጋሁት። እውነቱን ለመናገር ግን አልዘነጋሁትም፤ እኔ የቻልኩትን አንቺም ትችያለሽ አልኩ።

ሻሹ ጋ ስደርስ ደብዳቤሽን አጥፌ ወጣሁ። ሻርሼን ሁለተኛዬ ነው። ሲወለድ አማቴ የበኩሩን ስላገኘች፣ ባለቤቴንም ልጅ ስጠኝ የሚለው ዘመድ ስላልነበረ፣ ማንም አይወስደውም ነበር። እኔ ግን የሻሼን ጫፍ ከእጄ አንጓ ጋር አስሬ ነው የተኛሁት። አማቴ ጠዋት አይታ ሳቀችብኝ። ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ለሻርሼንም። አንቺ ከማን ተማርሽው?

ደብዳቤሽን ለባትማ አነበብኩላት። መጀመሪያ ወጥታ በጎቹን ቆጠረች። ከዚያ የቀሚሱን አንገት አጥብባ ሰፋችው። አሁን ለብሳው ላም ታልባለች። አትፍሪያት።

ስለ ኩባት። መልሱልኝ አለማለትሽን አላመንኩም፤ ግን አመሰገንኩ። አልሰጥሽም፤ ብትጠይቂኝም አልችልም። ስለ ሻሹ የጻፍሽውን ለባትማ ሳነብላት አጠገቤ ነበር። «ጀንጌ ሕፃኗን ለምን ታስራታለች?» አለኝ። «የመጀመሪያውን ሳታስረው ስለቀረች ነው» አልኩት። ከአፌ ወጣ። «የመጀመሪያው ማነው?» አለ። ተነስቼ ውኃ ጣድኩ። ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ ጠየቀኝ፣ ስንት ጊዜ ውኃ ጣድኩ። የምንጠጣው ሻይ በዝቷል።

እኔ አልመልስለትም፤ አንቺ መጥተሽ መልሺለት። ልጅቷንም አምጪያት። ማንም አይነካትም። ካላመንሽኝ አስረሻት ተኚ፤ ቋጠሮውን እኔ ራሴ አጠብቅልሻለሁ።

የኩባት እግር ከጣቶቼ ጫፍ እስከ አንጓዬ ይደርሳል።

ካሊፓ


ኤፕሪል 14 ቀን 1972

ለተከበሩ እናቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኛ ደኅና ነን። ሻርሼን ደብዳቤዎን አንብቦ ወጣ፤ መጥረቢያውን ግን አልያዘም። ማታ ሲገባ «አሳናሊ ወንድሜ ነው?» አለኝ። አውቀው ነበር ብዬ መለስኩለት፤ እንዳልሰማሁ ሆኜ መኖሬን አልደበቅሁትም። ሁላችንም እንዲያው ነበርን።

በሜይ መንገዱ ሲከፈት እንመጣለን። በጉ ካለ ይታረድ፤ አራስነቱ ቢያልፍም ላቱን አልተውም። ለባትማ የምሰጣት ልጅ የለኝም፤ መርፌ ግን አበድሪኝ እላታለሁ፣ አጠገቧም ተቀምጬ እሰፋለሁ።

ስለ ቋጠሮው አመሰግናለሁ። ራሴ ነኝ የማስረው። አይቀየሙኝ፤ አምንዎታለሁ፣ ግን ገና እጄ አላመነም።

የመጀመሪያው ማን እንደሆነ ለኩባት እነግረዋለሁ። እስከዚያ ውኃውን ይጣዱ። ከነገርኩት በኋላ ማታ ከማን ጎን እንደሚተኛ ራሱ ይምረጥ። የርስዎን አንጓ ከመረጠ አልፈታውም።

ምራትዎ ዙራካን